አረንጓዴው ቀለም

የባሕር ዳር የግንቦት ዝናብ ቀጠሮ የለውም። ጠዋት ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሰዓት በጣና በኩል ይጠቁርና ቆርቆሮውን መውቀጥ ይጀምራል።

የዚያን ቀንም እንዲሁ ነበር። በልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳት መምህር ከሆንኩ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር። ኦቲዝም ያለበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረን፤ በቃል አይናገርም። ድንገት ብድግ ብሎ ጮኸ። ወንበር ገለበጠ፣ የራሱን ክንድ ነከሰ። ለሁለት ያዝነው፤ ባሰበት። "እስኪረጋጋ ብቻ" አለ አንዳችን። ምን እደብቃለሁ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አስገብተን በሩን ከውጭ ቀረቀርነው።

ሩብ ሰዓት ያህል ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ። "ይኸው፣ ተረጋጋ" ተባባልን።

በማግሥቱ እናቱ የልጁን እጅ ይዛ መጣች። "መምህር፣ ይሄ ምንድን ነው?" ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። "ሥዕል ሲሥል ይሆናል" አልኳት። ስትሄድ የመጋዘኑን በር ከውስጥ አየሁት። በልጅ ቁመት ልክ ተፍቋል። መቆለፌም መቆለፌ ነው፤ ውሸቴ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ያን ሰሞን ማንበብ ያዝኩ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። "እኛ መች ቀጣነው?" ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከዚያ የአሜሪካዋን የጆርጂያ ግዛት ታሪክ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የ13 ዓመት ተማሪ ትምህርት ቤቱ ብቻውን በዘጋበት ክፍል ውስጥ ሞተ። ግዛቱ በ2010 ተማሪን ለብቻ መዝጋትን ከለከለ። በሆድ አስተኝቶ መያዝንም አብሮ ከለከለ፤ ደረት ሲጫን ትንፋሽ ያጥራላ። ለካ የልጅ ዝምታ ሁልጊዜ መረጋጋት አይደለም።

ለርዕሰ መምህሯ ሁሉንም ነገርኳት። መቀርቀሪያው በዚያው ቀን ተነቀለ። ልጅ የሚያዘው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል ብቻ እንዲሆን፣ አደጋው እንዳለፈም እንዲለቀቅ ተስማማን። ለወላጅ በዕለቱ ይነገራል። ሰዓቱና ከዚያ በፊት የሆነው ነገር ደግሞ ደብተር ላይ ይጻፋል። "ደብተር ልጅ አይዝም" አለ አንድ ባልደረባዬ። እውነቱን ነው፣ አይዝም።

ግን በሦስት ሳምንት አራት ጊዜ ጻፍን። አራቱም ላይ "ዝናብ" የሚል ቃል አለ። ለዘበኛችን ስነግራቸው ሳቁ። "ይሄንማ እኔን ብትጠይቁኝ! ቆርቆሮው ሲጮህ እኮ ጆሮውን ነው የሚይዘው።"

በሚቀጥለው ዝናብ ጋቢያቸውን ይዘው ገቡ። ልጁን አልነኩትም። ራቅ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና ጋቢውን መሐል ላይ አኖሩት። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ጎተተው፤ እስከ አናቱ ተከናነበ። አንድ ጫማ ብቻ ውጭ ቀረ፣ ክሩ የተፈታ።

ማታ እናቱ ጋ ደወልኩ። የጋቢውን ነገር ስነግራት ሳቀች። ከዚያ የበሩን ነገርኳት። ዝም አለች። በስልኩ ውስጥ የሚሰማው የባጃጅ ድምፅ ብቻ ነበር።