የሴቶቹን 15 ኪሎ ሜትር ባያትሎን ለአባቴ በአማርኛ የተረክሁበት ጠዋት

እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ ኮርያ ፒዮንግቻንግ የተካሄደውን የክረምት ኦሎምፒክ የተከታተልሁት እንደ ተመልካች ብቻ አልነበረም። አባቴ እኔ ወደምኖርበት ወደ ስቶክሆልም ለሦስት ወር መጥተው ስለነበር፣ የስዊድን ቴሌቪዥን የሚለውን ሁሉ ወደ አማርኛ እየመለስሁ የምነግራቸው እኔ ነበርሁ። እንጀራዬም አስተርጓሚነት ነው፤ ከሐኪም ቤት ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ትምህርት ቤት እየተመላለስሁ የሌላውን ሰው ቃል ሳቀብል እውላለሁና፣ አንድ የስፖርት ውድድር መተረክ ያቅተኛል ብዬ አላሰብሁም። ያቃተኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

ያ ቀን ቅዳሜ የካቲት 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ ውድድሩ የሴቶች 7.5 ኪሎ ሜትር ባያትሎን፣ ማለትም በበረዶ ሸርተቴ እየተጓዙ በየመሃሉ በጠመንጃ ዒላማ የሚመቱበት ስፖርት ነበር። በሳሎኑ ውስጥ ከአባቴ ሌላ የቀድሞ የሠራዊት ጓደኛቸው ተቀምጠዋል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ብዙ ዓመት እዚሁ ከተማ የኖሩ፣ በወጣትነታቸውም ለክፍለ ጦራቸው ይሮጡ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔ እንደ ሩጫ ቆጥሬው «ይህች ከፊት ናት፤ ያቺ እየደረሰችባት ነው» እያልሁ ስተርክ ቆየሁ። አባቴ «እንግዲያው ፊት ያለችው እየመራች ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ አዎን አልሁ። ጥቂት ቆይቶ ያቺው ልጅ መስመሩን ስታልፍ ስሟ ከሠንጠረዡ ታች፣ ለማንበብ እንኳ በማያመች ቦታ ላይ ወጣ። ወርቁን የወሰደችው ጀርመናዊቷ ላውራ ዳልማየር ነበረች። ጋሼ «ልጄ፣ ሩጫ ከሆነ እኮ ፊት ያለ ፊት ነው» አሉኝ፤ አባቴ ደግሞ ምንም ሳይሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የእርሳቸው ዝምታ ነው ይበልጥ የከነከነኝ።

ስለዚህ ለ15 ኪሎ ሜትሩ የግል ውድድር በሚገባ ልዘጋጅ ወሰንሁ። ውድድሩ ረቡዕ የካቲት 7 እንዲካሄድ ታቅዶ ሳለ ነፋሱ በመበርታቱ ወደ ሐሙስ የካቲት 8 ተላለፈ፤ ለተወዳዳሪዎቹ ምን ያህል እንዳስቸገራቸው እንጃ እንጂ ለእኔ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ሰጥቶኛል። ከሁሉ አስቀድሜ ስያሜውን አስተካከልሁ። «የክረምት ኦሎምፒክ» ባልሁ ቁጥር አባቴ «ክረምት በየካቲት?» እያሉ ያቋርጡኝ ነበር፤ ለእርሳቸው ክረምት ሰኔ ግም ሲል የሚገባ የዝናብ ወራት ነውና አይፈረድባቸውም። «የበረዶው ኦሎምፒክ» አልሁት፤ ጥያቄውም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ሕጉን በጽሑፍ አሰፈርሁ። ተወዳዳሪዎቹ አንድ ላይ አይነሡም፤ በ30 ሰኮንድ ልዩነት አንድ በአንድ እየተለቀቁ፣ እያንዳንዷ ከ3.5 ኪሎ ግራም የማያንስ ጠመንጃ በጀርባዋ አንግታ ባለ 3 ኪሎ ሜትሩን ዙር አምስት ጊዜ ትዞራለች። በየዙሮቹ መካከል አራት ጊዜ ወደ ተኩስ ሜዳው ትገባና፣ መጀመሪያ በደረቷ ተኝታ፣ ቀጥላ ቆማ፣ እንደገና ተኝታ፣ በመጨረሻም ቆማ፣ በየጊዜው አምስት አምስት ጥይት ትተኩሳለች። ዒላማዎቹ በ50 ሜትር ርቀት ላይ የተደረደሩ ጥቁር ክቦች ሲሆኑ፣ የተመታው ወዲያውኑ በነጭ ይሸፈናል። አጭር በሆነው በ7.5 ኪሎ ሜትሩ ውድድር የሳተች ተወዳዳሪ 150 ሜትር የሆነች የቅጣት ዙር ትዞራለች፤ ይህም ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስድባት። በ15 ኪሎ ሜትሩ ግን የቅጣት ዙር የለም፤ ለሳተችው ለእያንዳንዷ ጥይት አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓቷ ላይ ይጨመርባታል። በበረዶ ላይ አንድ ደቂቃ ማለት ብዙ መቶ ሜትር ነው። እኔ ቅዳሜ ዕለት ዓይኔ ያየውን ስናገር የዋልሁት ይህን የማይታይ ርቀት ሳልቆጥር ነው።

ጋሼ አንድ በአንድ መነሣቱን የተቀበሉት ሮቤል ተክለማርያምን ሳስታውሳቸው ነው። ሮቤል እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወክል የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ነበር፤ በዚያም ውድድር የሚነሡት በየ30 ሰኮንዱ ነው። «አይቼዋለሁ፤ ከሰዓት ጋር ነበር የሚታገለው» አሉ። ይህችን አባባል ወዲያው ጻፍኋት፤ ሐሙስ ዕለትም ሦስት ጊዜ ያህል ተጠቅሜባታለሁ።

አባቴን ያስቸገራቸው የዒላማው መጠን ነበር። ተኝቶ ለሚተኮሰው የዒላማው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር፣ ቆሞ ለሚተኮሰው 115 ሚሊ ሜትር ነው ብላቸው ቁጥሩ አልጨበጥ አላቸው። ከቁም ሣጥኑ ሲኒና ማስቀመጫውን አውጥቼ በማስመሪያ ለካሁ፤ ትንሹ ዒላማ ከሲኒው አፍ ያንሳል፣ ትልቁ ደግሞ ማስቀመጫውን ያህላል። ማስቀመጫውን ግቢያችን ውስጥ ባለው የብስክሌት ማቆሚያ ላይ አቁሜ፣ በረዶውን እየረገጥሁ ሃምሳ ሰፋፊ እርምጃ ቆጥሬ ተመለስሁ። አባቴ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ለተኛ ሰው ሲኒውም ቢሆን አይከብድም» አሉ በመጨረሻ። «መሬት ይይዝልሃል። ቆሞ ግን፣ እንዲህ ሮጦ መጥቶ...» ብለው ተዉት።

የተዉትንም በቃል አልጨረሱትም። ወደ ሕንፃው እንደገባን ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃውን በሩጫ እንድወጣ አዘዙኝ፤ እርሳቸው በሊፍት መጡ። መጥረጊያውን አቀብለውኝ «ሰደፉን ትከሻሽ ላይ አስደግፊና የበሩን ደወል አነጣጥሪ» አሉኝ። ደወሉን አልፎ አልፎ አየው ነበር እንጂ መጥረጊያው ሊያርፍልኝ አልቻለም፤ የመጥረጊያው ጫፍ ከልቤ ምት ጋር ወደ ላይ ወደ ታች ይዘልላል። «ትንፋሽሽን ግማሹን አውጪና ያዢው። ቃታውን እንዳትስቢው፣ ቀስ ብለሽ ጭመቂው። ቶሎ ካልተኮስሽ ደግሞ ዓይንሽ ይደክማል፤ እግርሽም ይከዳሻል።» ጎረቤታችን ስዊድናዊት አሮጊት በዚያች ቅጽበት በራቸውን ከፍተው አዩን፤ ሰላም ብለው መልሰው ዘጉት። ከመጥረጊያዋ በኋላ ቆሞ መተኮስ ለምን ወርቅ እንደሚያሳጣ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

ሌላው ሥራ ቃላቱ ነበሩ። ስዊድኖች ሁሉንም ዒላማ ለመታ ሰው «ሙሉ ተኮሰ» ይላሉ፤ በአማርኛ እንዳለ ቢነገር ማንም የሚረዳው አይመስለኝም። «ንጹሕ ተኩስ» ልበለው ብዬ አስቤ ነበር፤ አባቴ ግን «ንጹሕ ያልሆነ ተኩስ ምን ዓይነት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እነርሱ በሠራዊቱ ይሉ የነበረው «አንድም አላባከነም» ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ የሳተችውን «አንድ አባከነች»፣ ያልሳተችውን «አንድም አላባከነችም» አልሁ። በሙያዬ ለዓመታት የተነገረኝን ምክር ማለትም ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ሥራውን ከሚያውቅ ሰው አፍ መውሰድን፣ ከገዛ ቤቴ ዘንግቼው ኖሯል።

በመጨረሻ ወረቀቱን አዘጋጀሁ። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የ15 ተወዳዳሪዎችን ስም ጻፍሁ፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት አራት ጠባብ ዓምዶች ለአራቱ ተኩሶች፣ አንድ ሰፊ ዓምድ ደግሞ ለሰዓት ልዩነት ተውሁ። የስዊድኗን ሃና ኧበሪን በመጀመሪያው ዝርዝር አላስገባኋትም፤ ገና የ22 ዓመት ልጅ ነበረች፣ በዓለም ዋንጫም በግል ውድድር ከሦስቱ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። ጋዜጠኞቹ ስሟን ስለሚያነሱ ብቻ ከታች በእርሳስ ጨመርኋት።

ሐሙስ ጠዋት የዘወረደ ሳምንት ነበርና ጠረጴዛው ላይ ቁርስም ቡናም የለም፤ ወረቀቱ፣ ሁለት እስክሪብቶና የአባቴ መነጽር ብቻ። ጋሼ ሰዓቱን እንዲያነቡ፣ አባቴ ተኩሱን እንዲቆጥሩ፣ እኔ እንድተርክ ተከፋፈልን። አባቴ ጥቁሩ ሳይነጣ ሲቀር ቀይ ነጥብ ያደርጋሉ። በተኩስ ሜዳው ላይ የተተከሉትን ትንንሽ የነፋስ ባንዲራዎች አስቀድመው ያዩትም እርሳቸው ናቸው፤ አንዷ ልጅ ጠመንጃዋን እንዳነጣጠረች ስትጠብቅ እኔ «ምን ሆነች?» ስል፣ እርሳቸው «ባንዲራው እስኪወድቅ ነው» አሉኝ፤ እንዳሉትም ባንዲራው ጋብ ሲል ተኮሰች።

ይህን ሁሉ ተዘጋጅቼም ትልቅ ስሕተት ሠርቻለሁ። ከተኩስ በኋላ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሰዓት የቅጣቱን ደቂቃ አስቀድሞ የያዘ ነው፤ እኔ ይህን ሳላስተውል በአባቴ ቀይ ነጥቦች ልክ ደቂቃ እየጨመርሁ ስጽፍ ነበር። ሁለት ያባከነችው የስሎቫኪያዋ አናስታሲያ ኩዝሚና በእኔ ወረቀት ከሁለት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርታ ሳለ፣ ቴሌቪዥኑ ግን ስሟን ከላይ ያሳያል። «ሁለት ጊዜ ቀጣሻት» አሉኝ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከሰዓቱ ሳያነሱ። የመጨረሻውን ዓምድ በሙሉ ሰርዤ እንደ አዲስ ጻፍሁ፤ እስከዚያው አምስት ደቂቃ ያህል ትረካ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ ይህን ውድድር ለሰው የሚተርክ ቢጠይቀኝ ከማንኛውም ነገር በፊት የምነግረው ይህንኑ ነው፤ የስክሪኑ ሰዓት ቅጣቱን ይዞ እንደሚመጣ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

ኧበሪ ለአራተኛው ተኩስ ስትቆም አባቴ እጃቸውን አነሱብኝ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። ቅዳሜ ዕለት በተኩሱ መካከል ስለ ልጆቹ አገርና ዕድሜ ስለፈልፍ ነበር፤ ሐሙስ ግን አምስቱም ክቦች አንድ በአንድ ሲነጡ በቤቱ ውስጥ የሚሰማው ከኮርያ የሚመጣው የጥይት ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ አባቴ በእርሳስ የተጻፈውን ስሟን አይተው «ሃያ ከሃያ። አንድም አላባከነችም» አሉና፣ በእርሳሱ ላይ በእስክሪብቶ ደገሙበት።

ኧበሪ 15 ኪሎ ሜትሩን በ41 ደቂቃ ከ7.2 ሰኮንድ ፈጸመች። ኩዝሚና በ24.7 ሰኮንድ ተበልጣ ብር፣ አንድ ጥይት ያባከነችው ዳልማየር በ41.2 ሰኮንድ ተበልጣ ነሐስ ወሰዱ። እኛ ሦስታችን ከሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ይልቅ በሒሳቡ ላይ ቆየን። ቅጣቱ ቢነሣ ኩዝሚና መንገዱን የጨረሰችው በ39 ደቂቃ ከ31.9 ሰኮንድ ነው፤ ከኧበሪ በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ትፈጥን ነበር። ከሁለቱ ጥይቶች አንዷን ብቻ ብትመታ በ35.3 ሰኮንድ ታሸንፍ ነበር፤ ዳልማየርም ያቺን አንዷን ብትመታ ኧበሪን በ18.8 ሰኮንድ ትቀድም ነበር። ጋሼ፣ ሯጩ፣ ይህን ሊቀበሉት አልፈለጉም፤ «ፈጣኗ ተሸነፈች» እያሉ ሁለት ቀን ተከራከሩ። እኔም ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ላሳያቸው ባያትሎን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካሄደበትን የእ.ኤ.አ. 1960ውን የአሜሪካ ስኳው ቫሊ ውድድር አነሣሁ። ያን ጊዜ በወታደራዊ ጠመንጃ እስከ 250 ሜትር ርቀት ይተኮስ ነበር፤ ለሳተ ሰው ቅጣቱ ሁለት ደቂቃ ነበር። ያሸነፈውም ስዊድናዊው ክላስ ሌስታንደር ነው፤ ከእርሱ የፈጠኑ ብዙዎች ሳሉ ሃያውንም የመታ እርሱ ብቻ ነበር። አባቴ «ሁለት ደቂቃ! እንዲህ ነው እንጂ» አሉ፤ ጋሼ ግን አሁንም የተስማሙ አይመስለኝም።

ወረቀቱ ዛሬም አለኝ። የዳልማየር ስም ከላይ በሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ገና በ25 ዓመቷ ከውድድር ተሰናብታ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በፓኪስታን ተራራ ስትወጣ በተናደ ድንጋይ ሕይወቷ ማለፉን ስሰማ አውጥቼ አይቼው ነበር። ከስሟ ፊት የአባቴ አንድ ቀይ ነጥብ አለች።

አባቴ ፋሲካን ለማክበር ወደ አገራቸው ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት፣ መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዓለም ሻምፒዮናው የሴቶች 15 ኪሎ ሜትር እዚሁ ስዊድን ውስጥ በኧስተርሹንድ ተካሄደና ኧበሪ በአገሯ ሕዝብ ፊት አሸነፈች። ያን ዕለት ማታ ደውዬ ያቺ ልጅ ዳግመኛ ወርቅ ወሰደች አልኋቸው።

«ስንት አባከነች?»

«አንድም።»

«ሁለተኛዋስ በስንት ሰኮንድ ተበለጠች?» አሉና፣ እኔ ሳልመልስ «ቆይ፣ ቆይ፣ እርሳስ ላምጣ» ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሲንቀሳቀሱ፣ መሳቢያ ሲከፍቱም ይሰማኝ ነበር።