የፀጉር ቤቱ አየር

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ስለሆነች፣ እዚህ ፀጉር ቤት ለሚያስተዳድር ሰው ትልቁ ፈተና በሩ ነው። ፀጉሯን የታጠበች ሴት በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በር ተከፍቶባት እንድትቀመጥ አትፈልግም፤ እውነቷንም ነው። በሩ ሲዘጋ ግን የሪላክሰሩ (የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካሉ) ሽታ፣ የቀለሙ አሞኒያ፣ የስፕሬዩ ብናኝና የካስኩ (የፀጉር ማድረቂያው) ሙቀት እዚያው ታፍነው ይቀራሉ። ጤናማ ፀጉር ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፀጉር ላይ ስለሚቀባው ነገር ነው። እኔ በሥራው ላይ ስቆይ የተረዳሁት የሚተነፈሰውም የዚያኑ ያህል እንደሚያሳስብ፣ ይበልጥ የምትጋለጠውም ሠራተኛዋ እንደሆነች ነው። ደንበኛዋ በወር አንዴ መጥታ ትሄዳለች፤ ፀጉር ሠሪዋ ግን ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንዳንዴም ነፍሰ ጡር ሆና፣ ያንኑ አየር ስትስብ ትውላለች።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የፀጉር ሠሪነትን ሥራ በካንሰር አጋላጭነት በብርቱ ከሚጠረጠሩት ምድብ አስገብቶታል፤ ፎርማልዲሃይድ የተባለውን ኬሚካል ደግሞ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ወገን መድቦታል። ይህ ፎርማልዲሃይድ በሙቀት ፀጉር በሚያለሰልሱ ብዙ የኬራቲን ምርቶች ውስጥ ይገኛል። ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ሜቲሊን ግላይኮል በሚል ስም በፈሳሽ መልክ ይቀመጣል፤ የተቀባው ፀጉር ላይ 230 ዲግሪ የሞቀ ፔስትራ (ፀጉር መተኮሻ) ሲያርፍበት ግን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በፔስትራው ሥር የምትነሣው ነጭ ጭስ ዓይን ታስለቅሳለች፣ ጉሮሮ ትከረክራለች፤ ሠራተኛዋ ደግሞ ፊቷን ከፀጉሩ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አድርጋ ነው የምትሠራው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ «ከፎርማልዲሃይድ ነፃ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ምርቶች ጥቅም ላይ በዋሉባቸው ፀጉር ቤቶች አየር ውስጥም ኬሚካሉ መገኘቱን ገልጿል። ስለዚህ እኔ በጽሑፉ አልተማመንም፤ ይህን ዓይነቱን ኬራቲን ጨርሶ አልሠራም። ተራው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ጋዝ እንደማያግድ ደግሞ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ደጋግሜ እነግራለሁ።

እምቢታው ገቢን ይነካል፤ በተለይ ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ሲበዛ። አንዲት የሙሽራ እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ «ሌላው ቤት ይሠራል እኮ፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ተሠርተው ይሄዳሉ፤ እነዚህ ልጆች ግን እዚሁ ነው የሚውሉት» አልኳቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እንግዲያው በቢጎዲን አሳምሪልኝ» አሉ፤ በቢጎዲን (በፀጉር መጠቅለያው) ተሠራላት፣ አማረባትም።

ሪላክሰርን በተመለከተ አቋሜ እንዲህ የተቆረጠ አይደለም፤ አዘውትረው የሚፈልጉትን ግን አሳምኜ ለማራቅ እሞክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሎ፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተጠቀሙት በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል፤ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ባለው ስሌት ባልተጠቀሙት 1.64 በመቶ የነበረው በእነዚህ 4.05 በመቶ ይሆናል። ጥናቱ ግንኙነቱን አሳየ እንጂ መንስኤነቱን አላረጋገጠም፤ ይህንንም ሳልደብቅ ለደንበኛዋ እናገራለሁ። «ኮስቲክ ሶዳ የለበትም» እየተባለ የሚሸጠውም ቢሆን በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሠራ ኃይለኛ አልካላይን ስለሆነ የራስ ቆዳን ያቃጥላል። ራሷን አክካ ወይም ቆስላ ለመጣች ሴት በፍጹም አልቀባም።

አየሩን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ትይዩ ሁለት መስኮቶች አሉኝ፤ ሽታ ያለው ሥራ የሚሠራበትን ወንበር ከአንደኛው ሥር አድርጌዋለሁ፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ማራገቢያም ተሰክቷል፤ የታጠቡት ሴቶች የሚቀመጡት ነፋሱ በማይነካቸው ማዕዘን ነው። ቀለም የሚበጠበጠው በጓሮው በረንዳ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ውኃ የሚሞቀው በከሰል ነው፤ ምድጃው ግን ቤት ውስጥ አይገባም፣ ምክንያቱም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ቡናም የሚፈላው ውጭ ነው። ማበጠሪያና ቢጎዲን በሳሙና ከታጠቡ በኋላ በረኪና በተበጠበጠበት ውኃ ይዘፈዘፋሉ፣ መቀስ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል፤ ጭርት ከራስ ወደ ራስ የሚዞረው በእነዚህ ነውና።

አገራችን የሚሰጠውን ነገር እወደዋለሁ። ተልባ ተቀቅሎ ሲጠለል የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ከገበያ ጄል ሳያንስ ፀጉር ይይዛል፤ ለጋ ቅቤም የደረቀን ፀጉር ያለሰልሳል፣ በደንብ ሳይታጠብ ግን ፔስትራ ሊነካው አይገባም። ሹሩባም ኬሚካል የሌለበት ውብ ሥራ ነው፤ ሆኖም ጠብቆ ሲሠራ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ፀጉር እየተነቀለ በጊዜ ሂደት ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ቆዳው ተወጥሮ ነጭ ነጠብጣብ ሲያወጣ ካየሁ ፈትቼ እንደገና አስጀምራለሁ።

ከተፈጥሮ ነው በሚል ስም ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሂና ነው። ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ቀይ ቡናማ ቀለም ነው፤ ወዲያው የሚያጠቁር «ጥቁር ሂና» ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባለው ኬሚካል ተደባልቆበታል ማለት ነው። በብዙ ጥቁር የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ያለውም ይኸው ነው፤ አንዴ የቆዳ አለርጂ ካስከተለ አለርጂው ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል፣ ፊትን እስኪያሳብጥም ይደርሳል። ሠራተኞቼ ቀለም የሚነኩት በናይትራይል ጓንት ብቻ ነው፤ ጓንቱም ለአንድ ደንበኛ አገልግሎ ይጣላል። ደንበኛዋም ብትሆን ከዚህ ቀደም ተቀብታ የምታውቅ ቢሆንም ቀድማ ከጆሮዋ ጀርባ በጥቂቱ ተቀብታ 48 ሰዓት መጠበቅ አለባት። ለቅዳሜ ሠርግ ቀለም የምትፈልግ ሴት እንግዲህ ቢዘገይ ሐሙስ ጠዋት መምጣት ይኖርባታል፤ ዓርብ የመጣችውን በቢጎዲን ወይም በሹሩባ አሳምሬ እሸኛታለሁ።