ቾርልተን ቤት ስትገዙ ቺፍ ሬንት የምትለዋን መስመር ፈልጉ

በማንቸስተር አካባቢ አሮጌ ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔን አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ጉዳዩ የቤት ዋጋ አይደለም፣ የሚያፈስ ጣሪያም አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በተጻፈ የመሬት ውል ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ ቺፍ ሬንት፣ ማለትም ለመሬቱ በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ። ያቺ መስመር ፍዳዬን አሳይታኛለች። የሰፈሬን ታሪክ ያወቅኩትም በእሷ ምክንያት ስለሆነ ሁለቱን ለያይቼ ማውራት አልችልም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የተለመደውን ነገር ባጭሩ ላሳልፈው። ቅድመ ክፍያ አጠራቀምን። ባንኩ ሞርጌጅ ፈቀደ። ሰርቬየሩ (የቤቱን ይዞታ የሚመረምረው ባለሙያ) ቤቱን አይቶ እርጥበት አለበት አለ፤ በሰሜን እንግሊዝ እርጥበት የማይነካው የድሮ ቤት እስካሁን አላየሁም። ጠበቃ ቀጠርን፣ ፈረምን፣ ቁልፍ ተቀበልን። ስለዚህ ሁሉ የሚያስረዳችሁ አታጡም።

ሰፈሩ ቾርልተን ነው። ሙሉ ስሙ ቾርልተን-ከም-ሃርዲ ይባላል። ከማንቸስተር መሃል ወደ ደቡብ ምዕራብ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ድሮ መርሲ ወንዝ ዳር ያለች የገበሬ መንደር ነበረች፤ ለማንቸስተር ገበያ ወተትና አትክልት ታቀርብ ነበር። የመንደሩ እምብርት ቾርልተን ግሪን የሚባለው ሜዳ ነው። የቅዱስ ክሌመንት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነበር፤ በ1949 ፈርሶ የግቢው በርና መቃብሮቹ ብቻ ቀርተዋል። ወንዙ ስለሚሞላ በዚያ በኩል ቤት አልተሠራም። ዛሬ ሰው የሚንሸራሸርበት ቾርልተን ኢስ ቀድሞ የፍሳሽ ማጣሪያ ነበር። ሐይቁ ያለበት መናፈሻ ደግሞ በ1970ዎቹ ለአውራ ጎዳና ግንባታ ጠጠር የወጣበት ጉድጓድ ነው።

መንደሩን ወደ ከተማ ዳርቻ መኖሪያነት የቀየሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ባቡር ነው። ጣቢያው በ1880 ተከፈተ። የማንቸስተር የቢሮ ሠራተኛ ከጭሱ ርቆ እየኖረ በጠዋት ወደ ከተማ መመላለስ ቻለ። ሁለተኛው መሬቱ የተላለፈበት መንገድ ነው። የቾርልተን መሬት በአብዛኛው የሁለት ትልልቅ ባለርስቶች ነበር፤ የታተኑ ኤገርተን ቤተሰብና የሎይድ ቤተሰብ። ዋናው መንገድ ዊልብራሃም ሮድ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዊልብራሃም በኤገርተን ቤተሰብ ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስም ነው።

እነዚህ ባለርስቶች መሬቱን ለግንበኞች ሲሰጡ ብዙ ጊዜ ሙሉ ዋጋውን በአንዴ አልተቀበሉም። ግንበኛው ባለቤት ይሆናል፣ በምላሹ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ለዘላለም ይከፍላል። ቤቱን የገዛ ሰውም ግዴታውን አብሮ ይወርሳል። ቺፍ ሬንት የሚባለው ይህ ነው፤ በሕግ ቋንቋ ሬንትቻርጅ ይሉታል። ከማንቸስተር ሌላ ብሪስቶልና ባዝ ውስጥም ይገኛል። የእኛ ሰው የጉልትን ዘመን ቢያስታውስ ቶሎ ይገባዋል፤ መሬቱ ርስትህ ነው፣ ለባለጉልቱ ግን ትገብራለህ። ሊዝሆልድ (መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚያዝ ቤት) ግን አይደለም። ቤቱ ፍሪሆልድ (ከነመሬቱ የራስ የሆነ) ነው ተብሎ ይሸጥላችኋል፣ እውነትም ፍሪሆልድ ነው። ጠበቆች በላዩ የሚያልፉትም ለዚህ ነው።

ለግንበኛው ነገሩ ጥሩ ነበር። ካፒታል ሳይኖረው መሬት ያገኛል፣ ቀዩን ሸክላ ጡብ ገዝቶ አንድ ረድፍ ቤት ይሠራል፣ ሸጦ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ቾርልተን በአጭር ጊዜ በቀይ ጡብ የተሞላችው በዚህ ስሌት ጭምር ነው። በ1904 ወደ ማንቸስተር ከተማ ተጠቃለለች። በ1914 በአሜሪካዊው ባለጸጋ በካርኔጊ ገንዘብ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ እስካሁን አለ።

ውሎቹ ገንዘብ ብቻ አልያዙም። የእኛ ውል በቦታው ላይ መጠጥ መሸጥን፣ ከብት ማረድንና ጩኸት ያለው ሥራ መሥራትን ይከለክላል። ይህን ሳነብ የመንገዳችን ጸጥታ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሱቁም ካፌውም ትልልቆቹ መንገዶች ላይ ነው፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ቤት ብቻ ነው። የሰፈሩን ጠባይ የወሰኑት ነዋሪዎቹ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ግማሹን የጻፈው የባለርስቱ ጸሐፊ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። ቤቱን ከገባንበት ጥቂት ወራት በኋላ «ለቤቱ ባለቤት» የሚል ደብዳቤ መጣ። ላኪው ቺፍ ሬንት የሚሰበስብ ድርጅት ነው። እነዚህ መብቶች እንደ አክሲዮን ሲሸጡና ሲለወጡ ስለኖሩ፣ ዛሬ ገንዘቡን የሚጠይቃችሁ የባለርስቱ ልጅ ሳይሆን ሰፈሩን ረግጦ የማያውቅ ቢሮ ሊሆን ይችላል። ክፍያው በዓመት 18 ፓውንድ ነበር። የብዙ ዓመት ውዝፍ ተደምሮበታል። «የአስተዳደር ወጪ» የሚል መስመርም አለ፣ እሱ ብቻውን ከዓመቱ ክፍያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ጠበቃችን ጋ ደወልኩ። መልሱን እስካሁን አልረሳሁትም። «ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ደግሞ በ2037 በራሱ ይቀራል» አለኝ። ቀኑ ልክ ነው። በ1977 የወጣው ሕግ አብዛኛውን አዲስ ሬንትቻርጅ ከልክሎ፣ ነባሮቹ በ60 ዓመት ውስጥ እንዲያበቁ ወስኗል። ግን ጠበቃው ውሉን አላነበበውም። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ በእንግሊዝኛ ሕግ ያልተማርኩት፣ ማታ ከሥራ መልስ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ። 18ቱ ፓውንድ የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም። የረድፉ ስድስት ቤቶች በሙሉ የሚከፍሉት ነው።

ግንበኛው መሬቱን በአንድ ውል ወስዶ ስድስት ቤት ሠራበት። ቤቶቹን ሲሸጥ ክፍያውን በቃል ያህል ከፋፈለው፣ ለእያንዳንዱ 3 ፓውንድ። ባለመብቱ ግን በዚህ ክፍፍል አልተስማማም፣ አልፈረመምም። ስለዚህ በሕግ ፊት ሙሉውን 18 ፓውንድ ከስድስቱ ከፈለገው ሰው መጠየቅ ይችላል። የፈለገው እኛን ነው። በድሮው ልማድ የዳር ቤት ከጎረቤቶቹ ሰብስቦ ይከፍል ነበር፤ የዳሩ ቤት ደግሞ የእኛ ነው። ይህን ለማንበብ ገንዘብ የተከፈለው ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«ትንሽ ገንዘብ» የሚለው ቃል ያበሳጨኝ ሌላም ምክንያት አለው። በዚያን ጊዜ ሕጉ አስፈሪ ነበር። በ1925 በወጣው የንብረት ሕግ መሠረት ክፍያው 40 ቀን ካለፈው፣ ባለመብቱ በቤቱ ላይ ሊዝ እስከ ማቋቋም የሚደርስ ሥልጣን ነበረው። በ2016 አንድ ከፍተኛ ትሪቡናል በጥቂት ፓውንድ ውዝፍ ምክንያት የተቋቋመ የ99 ዓመት ሊዝ በሕግ የጸና ነው ብሎ ወስኗል። ባንኮች ይህን ስለሚያውቁ ሞርጌጃችንን ለመቀየር ስንሞክር አዲሱ ባንክ ፋይሉን አቆመው። 3 ፓውንድ ብለው የናቋት ነገር የቤታችንን ወለድ አስወደደችው። በ2024 የወጣው ሕግ ያንን ሥልጣን ከነባር ሬንትቻርጆች ላይ አንስቷል፣ ዕዳው ግን ዕዳ ሆኖ ቀጥሏል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ክፍፍሉን ሕጋዊ ማድረግ፣ ሁለተኛው ድርሻን በአንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል። ሁለቱም በመንግሥት በኩል የሚያልፍ ማመልከቻ አላቸው፤ የመገላገያውን ዋጋ በቀመር የሚያሰላው መንግሥት እንጂ ሰብሳቢው አይደለም። ማመልከቻው ግን ባለመብቱ ማን እንደሆነና የመጨረሻው ደረሰኝ የት እንዳለ ይጠይቃል። ሰብሳቢው ለእኛ እንኳን ደረሰኝ ሊሰጥ፣ መብቱን ከማን እንደገዛ ለመናገርም ክፍያ ጠየቀ።

ስለዚህ የጎረቤት በር ማንኳኳት ጀመርኩ። ግማሾቹ ስለ ቺፍ ሬንት ሰምተው አያውቁም። አንዷ አጭበርባሪ መሰልኳትና በሩን ዘጋችብኝ፤ አልፈርድባትም። ነገሩን የፈቱልን በረድፉ መሃል የሚኖሩ አንድ አይሪሽ ሽማግሌ ናቸው። በ1960ዎቹ ለግንባታ ሥራ የመጡ ናቸው። ቾርልተን ብዙ አይሪሽ ያለበት ሰፈር ነው፣ የራሳቸው ክበብም አላቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ምንም ወረቀት አይጥሉም ነበርና ደረሰኞቹ በሙሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሰብሳቢዎቹ ስም በየዘመኑ ሲቀየር በግልጽ ይታያል። የዳሩ ቤት ሰዎች በየዓመቱ እየዞሩ ሲሰበስቡ ሻይ ይጠጡ እንደነበርም ነገሩኝ። ባቡሩ በ1967 ሲዘጋ ሰፈሩ እንዴት እንደቀዘቀዘ፣ በ2011 ትራም ሲመጣ ዋጋው እንዴት እንደተሰቀለ፣ ቢ ጂስ የሚባሉት ዘፋኝ ወንድማማቾች በልጅነታቸው ኬፕል ሮድ ይኖሩ እንደነበር፣ ሁሉንም ከእሳቸው ሰማሁ።

ቀሪውን ወረቀት ፍለጋ ሴንት ፒተርስ አደባባይ ወዳለው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የድሮ ካርታዎችን ለማየት ግን መሄድ አያስፈልግም፤ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል፣ የማንቸስተርንም ጭምር። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ማንቸስተር ውስጥ ሁለት ቾርልተን አለ። ሌላው ቾርልተን-ኦን-ሜድሎክ ነው፣ ከመሃል ከተማ አጠገብ። መዝገብ ላይ «ቾርልተን» ብቻ የሚል ካያችሁ አትቸኩሉ፣ የእኛው ላይሆን ይችላል።

ያንን ሌላኛውን ቾርልተን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ንክሩማና ኬንያታ የተገኙበት አምስተኛው የፓን አፍሪካ ጉባኤ በጥቅምት 1945 የተካሄደው በእሱ ማዘጋጃ ቤት ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ራስ መኮንን ይባላል። የብሪቲሽ ጊያና ተወላጅ ነው፤ ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር ስሙን ቀይሮ የእኛን ስም ወሰደ። ማንቸስተር ውስጥ ምግብ ቤቶች ነበሩት። የሕንፃው ፊት ዛሬም ቆሟል። ያን ቀን ደረሰኝ ፍለጋ ወጥቼ በእግሬ እስከዚያ ሄድኩ፣ ቆሜም አየሁት። ኮራሁ።

አሁን ምክሬ። ጠበቆች «እስካልተጠየቅክ ዝም በል፣ 2037ን ጠብቅ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዝም ባላችሁበት ዓመት ሁሉ ውዝፍና የአስተዳደር ወጪ ይቆለላል፣ ቤት ስትሸጡ ደግሞ የገዢው ባንክ ያንኑ መስመር ያገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት የመሬት መዝገቡን ቅጂ በጥቂት ፓውንድ ራሳችሁ አውጡ፣ «ቻርጅ» የሚለውን ክፍል ቃል በቃል አንብቡ። ሬንትቻርጅ ካለ ሻጩ ከፍሎ እንዲገላግል ጠይቁ፣ በዚያ ሰዓት ጉልበቱ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ክፍያው ለአንድ ቤት ነው ወይስ ለረድፉ የሚለውን በጽሑፍ አስመልሱ። ከ6 ዓመት በላይ ለሆነ ውዝፍ አትደናገጡ፤ ፍርድ ቤት አያስከፍላችሁም። አዲስ ቤት የምትገዙም አትዘናጉ። በአዳዲስ ግቢዎች ላይ ለጋራ ቦታዎች እንክብካቤ የሚከፈል ኢስቴት ሬንትቻርጅ የሚባል አለ፣ እሱ በ2037 አያበቃም።

እኛ ክፍፍሉን አስጸድቀን ድርሻችንን ከፍለን ጨርሰናል። መገላገላችሁን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት ሲደርሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። ወደ መሬት መዝገብ ቤት ልካችሁ መስመሩን አሰርዙ፤ እሱ እስካልተሰረዘ ድረስ ለባንክ ዕዳው እንዳለ ነው። የሽማግሌውንም ማመልከቻ እኔ ሞልቼላቸዋለሁ። በሩን የዘጋችብኝ ጎረቤት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ደርሷት እኛ ጋ መጥታለች፤ የእሷን ፎርም ቅዳሜ እንሞላለን።