ኖራ እና የገብስ ሥር

በጎጃም የጮቄ ተራራ ግርጌ አፈር ኮምጣጣ (አሲዳማ) ነው። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ዘመን አልፎ ዘመን ሲተካ አፈሩን አጥቦ አጥቦ ካልሲየሙን ወስዶበታል። እዚያው ያለው የስናን ወረዳ ሰዎች ይህን የሚያውቁት በሰብላቸው ነው። ገብስ ይዘራሉ፣ ይበቅላል፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ እዚያው ቁጭ ይላል። በዚህ የተነሳ ብዙዎች እንግዶ ወደሚባለው የአጃ ዓይነት ዞረዋል። እንግዶ ኮምጣጣውን አፈር ችሎ ያፈራል፣ እንጀራም ይሆናል። ግን የገብሱን ነገር የረሳ የለም። ጠላውም፣ በሶውም፣ ቆሎውም ገብስ ይላል።

እኔ ነገሩን የተማርኩት ስልጠና ላይ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፤ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይብሳል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል። ፎስፈረስንም አፈሩ ቆልፎ ይይዘዋል፣ ስለዚህ በስንት ልፋት የተገዛው ማዳበሪያ ሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። መፍትሔው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ።

አጎቴ ግን ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ኖራ እኮ ለግድግዳ ነው፣ ልጄ" አለኝ።

ግትር ሰው ስለሆነ አይደለም። ለአንዲት ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ማሳ ብቻ 5 ኩንታል፣ ሲከፋም ከዚያ በላይ ኖራ ያስፈልጋል። ማጓጓዣ አለ፣ መበተን አለ፣ በሬ አለ። የዓመት ቀለቡ እዚያች መሬት ላይ ያለ ሰው "ባለሙያ ብሏል" ስለተባለ ብቻ እጁን መስጠት የለበትም። ይህን አሁንም አምናለሁ።

"እሺ አያ፣ ግማሹን ብቻ እንሞክረው" አልኩት። በዚህ ተስማማን። ከማሳው አንድ ቁራጭ ለይተን ለሁለት ከፈልነው። አንደኛው ኖራ አገኘ፣ ሌላው አላገኘም። ዘሩ አንድ፣ የተዘራበት ቀን አንድ፣ ማዳበሪያው አንድ። ኖራውን ከዘር ወቅት ቀደም ብለን በትነን፣ አንዴ በወርዱ አንዴ በመስቀለኛ አርሰን ከአፈሩ ጋር አዋሃድነው።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ስልጠናው ላይ ማንም አልነገረኝም። ኖራ የሚበተነው ማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ዱቄቱ ከራስህ ማሳ ይልቅ የጎረቤት ድንበር ላይ ያርፋል። እርጥበት የነካው ኖራ ደግሞ ይጓጉላል። የጓጎለው ባረፈበት ቦታ ገብሱ ምንም ለውጥ አላሳየም፤ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ደህና የተዋሃደበት ላይ ግን አረንጓዴው ደመቅ ያለ ነበር። ያን ጊዜ ነው "በደንብ አዋህዱ" የሚለው ምክር ለምን እንደተባለ የገባኝ።

በመጀመሪያው ክረምት ከላይ ሲታይ ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። መንገደኛ ቢያይ ልብ አይልም። አጎቴ ግን በመቆፈሪያ ከሁለቱም ወገን ገብስ ከነአፈሩ አነሳና ቦይ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ አጠባቸው። ኖራ ያላገኘው ሥር አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ጫፉ ቡናማ ነው። ቀጫጭን ቅርንጫፍ የሚባል የለውም፤ ጎንበስ ሲያደርጉት ቀጭ ይላል። ኖራ ያገኘው ነጭና ረጅም ነው፣ እንደ ጸጉር በቀጫጭን ሥሮች ተሞልቷል፣ አፈሩንም አልለቅም ብሏል። አጎቴ ሁለቱን መዳፉ ላይ አጋድሞ ብዙ ቆየ። ከዚያ "ይኼኛው ምን በልቶ ያድጋል?" አለ፣ አጭሩን እያሳየ። የአሉሚኒየም ጉዳት የሚባለውን ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ያየሁት ግን እዚያ ነው።

ሌላም ነገር ያሳየኝ እሱ ነው። ማሳው ጥግ ላይ ድሮ በረት ነበረ፣ የምድጃ አመድም እዚያ ይደፋ ነበር። በዚያች ቦታ ያለ ኖራም ገብስ ሁልጊዜ ያምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አመድ ኮምጣጣነትን ይቀንሳል፣ ፍግም አፈሩን ያክማል። እናቶቻችን ጓሯቸውን በዚሁ ሲያለሙ ኖረዋል። ከማሳው አፈር ተወስዶ ላቦራቶሪ ሲመረመር ግን የሚመጣው አንድ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ጥጉንም መሐሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። ማሳው አንድ አይደለም። የት ብዙ፣ የት ትንሽ፣ የት ምንም እንደማያስፈልግ የሚያውቀው በእግሩ የሚመላለስበት ሰው ነው።

ባለሙያ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያለ ባለሙያ አጎቴ ኖራን ከግድግዳ ላይ አያወርደውም ነበር። የምለው ሌላ ነው። ኖራ ሲታደል፣ እያንዳንዱ ገበሬ አንዲት ቁራጭ መሬት ያለ ኖራ እንዲያስቀር ይነገረው። ማወዳደሪያ ይኑረው። ሥሩን ነቅሎ፣ አጥቦ ይየው። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ከስንት አዳራሽ ስብሰባም ይበልጣል። "ተቀብሏል፣ አልተቀበለም" እያሉ ሪፖርት መጻፉ ግን ያሳዝነኛል። ሰውዬው በዓይኑ አይቶ እንዲመዝን ዕድል ሳይሰጠው ምኑን ይቀበል?

ለመጪው ክረምት አጎቴ ባቄላ ልዝራበት ብሏል። ባቄላ ኮምጣጣ አፈር አይወድም፣ ከመንደሩም ከጠፋ ቆይቷል። ሐሳቡ የራሱ ነው፤ እኔ አላነሳሁበትም። ግማሹን ኖራ ባገኘው ላይ፣ ግማሹን ባላገኘው ላይ፣ ትንሽ ደግሞ የድሮው በረት ጥግ ላይ ይዘራል። ሲያብብ ና ብሎኛል፣ መቆፈሪያም ይዘህ ና ብሏል።