ልብስ ማድረቂያዬን በሰጋቱራ ማሞቅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ማድረቂያዬ ይዞራል፣ ይነፍሳል፣ ግን አያሞቅም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ተቃጥሏል። መቀየር ይቻል ነበር። እኔ ግን «ሙቀት እንደሆነ ከየትም ይምጣ» ብዬ ተነሳሁ። ይኸው አራት ወር ሆነኝ። ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ ልብሱን ገመድ ላይ እያሰጣ ነው።

ምድጃ ከመሥራቴ በፊት ልብሱን መዘንኩት። ደረቁን 4 ኪሎ የነበረው ታጥቦ ሲወጣ 6.4 ኪሎ ሆነ። ስለዚህ የማወጣው 2.4 ሊትር ውሃ ነው። 1 ሊትር ውሃ ከልብስ ላይ ለማትነን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ለዚህ ልብስ ቢያንስ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ያንኑ ልብስ መልሼ በማጠቢያ ማሽኑ ከፍተኛ ስፒን (ልብሱን እያሽከረከረ ውሃውን የሚጨምቀው)፣ በደቂቃ 1,400 ዙር አስጨመቅኩት። 6 ኪሎ ሆኖ ወጣ። አንዲት ፍልጥ ሳልነካ 400 ግራም ውሃ ሄደ! ማገዶ ፍለጋ የምትዞሩ ሁሉ መጀመሪያ ስፒኑን እዩት።

ወደ ምድጃው ልምጣ። ክዳኑ የወለቀ ትልቅ ቆርቆሮ ወስጄ ከሥሩ በጎን በኩል ቀዳዳ አወጣሁለት። መሃሉ ላይ ወፍራም ዱላ አቆምኩ። ዙሪያውን ደረቅ ሰጋቱራ እየጨመርኩ በደንብ ጠቀጠቅኩት። ከዚያ ዱላውን እያሽከረከርኩ በቀስታ መዘዝኩት። መሃሉ ላይ እንደ ጉድጓድ ያለ ባዶ ቦታ ይቀራል። ከሥር ሲለኮስ እሳቱ የጉድጓዱን ግድግዳ ቀስ እያለ ይበላዋል። ማንም ሳይነካው ከሁለት ሰዓት በላይ ነደደልኝ። ጠቅጠቃው ላይ ከሰነፋችሁ ግን ሰጋቱራው መሃል ላይ ተደርምሶ ጭስ ብቻ ይሆናል። ሁለቴ ደርሶብኛል።

ትልቁ ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የምድጃውን ትኩስ አየር ቀጥታ ወደ ልብሱ ለቀቅኩት። ነጭ ሸሚዜ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ሽታው ሦስት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀም። የሸሚዙስ ይቅር፤ ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። አሁን ምድጃው ያለው ውጭ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሰቅያለሁ።

አሁን ጭሱ በብረት ቧንቧ ውስጥ አልፎ ወደ ሰማይ ይወጣል። ንጹሁ አየር በቧንቧው ውጭ እየታከከ ይሞቃል። ሁለቱ አይገናኙም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ፋኑን የት ነው የምታስቀምጡት? አየሩን ከወዲያ የሚስብ ፋን ከሆነ፣ ቧንቧው ላይ ትንሽ ስንጥቅ ብትኖር ጭሱን ስቦ ልብሱ ላይ ያመጣዋል። ንጹሁን አየር ከኋላ የሚገፋ ከሆነ ግን በስንጥቋ የሚገባው ንጹህ አየር ነው፤ ጭሱ አይወጣም። የማድረቂያዬ የራሱ ፋን ሳቢ ነው። ስለዚህ ከቧንቧው በፊት ሌላ ገፊ ፋን አስገባሁ። ሞቃቱን አየር ከማድረቂያው ጋር አላጣበቅኩትም፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ተውኩ። ሳቢው ፋን የጎደለውን ከዚያ ይውሰድ።

በመሃል ኮምፖስትም፣ ማለትም ሲበሰብስ ራሱ የሚሞቅ ክምር፣ ሞክሬያለሁ። ፈረንሳዊው ዣን ፔን በ1970ዎቹ ከተከተፈ ቁጥቋጦ ክምር ሙቅ ውሃ ያወጣ እንደነበር አንብቤ ልቤ ተነሳ። የእኔ ክምር 58 ዲግሪ ደረሰ። ቴርሞሜትሩን ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁ። ውስጡ በቀበርኩት የጎማ ቱቦ ውሃ ሳዞርና ፋኑን ስከፍት ግን ሩብ ሰዓት አልቆየም፣ ለብ አለ። ትኩሳት አለው፣ ጉልበት የለውም። የእኔን አሥር እጥፍ የሚሆን ክምር ያለው ሰው ይሞክረው።

ያገለገለ ዘይትም አስቤ ነበር። በኪሎ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ አለው፤ ከደረቅ እንጨት እጥፍ ይበልጣል። ጠብ እያለ የሚነድ ዘይት አጠገብ የልብስ ብናኝ ሲበር ሳስበው ተውኩት። ፈሪ በሉኝ።

ያልጠበቅኩት ረዳት ፀሐይ ናት። ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ፣ ከላዩ መስታወት፣ በሥሩ አየር ያልፋል። በጠራ ቀን አየሩን ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ያደርስልኛል። ያ ቀላል አይደለም፦ 1 ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሊይዝ የሚችለው 17 ግራም እንፋሎት ነው፤ በ40 ዲግሪ 51 ግራም ይይዛል። ደመና ሲሆን ሰጋቱራውን እለኩሳለሁ።

ያለፈው እሁድ ውጤት፦ 6 ኪሎ ገብቶ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ 4.1 ኪሎ ወጣ። የቀረችው 100 ግራም የጂንሶቹ ወገብና ኪስ ውስጥ ናት። ሰጋቱራ 3 ኪሎ ፈጀ። በስሌቴ 1 ኪሎ ይበቃ ነበር፣ ግማሹ ሙቀት ቢባክን እንኳ። ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ እጄን ሳስጠጋ ወዲያው ነው የሸሸሁት። ሙቀቱ በዚያ እየሄደ ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ወፍራም ቧንቧ በአራት ቀጫጭን ልቀይረው ነው። ቱቦዎቹ ተቆርጠዋል፣ የቀረው ብየዳው ነው።