የቧንቧው ዕድሜ ከ29 ዓመት ወደ 6 ሲወርድ

የቀሪ ዕድሜ ስሌቱን የሠራሁት ለቦይለር (ውሃን ወደ እንፋሎት ለሚቀይር ማሞቂያ) ውሃ ለሚያስገባ ባለ 6 ኢንች የካርቦን ስቲል ቧንቧ ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ አሁን ካለው ውፍረት ላይ ግፊቱን ለመሸከም የግድ የሚያስፈልገውን ውፍረት ቀንሶ፣ ቀሪውን ግድግዳው በዓመት በሚሳሳበት መጠን ማካፈል። አዲስ ሳለ 7.1 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ12 ዓመት በኋላ በአማካይ 5.9 ሆኖ አገኘሁት። በዓመት 0.1 ማለት ነው። የግድ የሚያስፈልገው ውፍረት 3.0 ስለነበር፣ 29 ዓመት ቀርቶታል ብዬ ጻፍኩ።

የለካሁት ግን ቀጥ ባለው ቧንቧ ላይ፣ እጄ በሚደርስበት ብቻ ነበር። አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ወረቀቱን አይቶ፣ «የኤልቦውን ጀርባ አልነካኸውም እኮ! ፓምፑ ከተቀየረ ወዲህ ውሃው የሚመታው እዚያ ነው» አለኝ። ኤልቦ ቧንቧው የሚታጠፍበት ክፍል ነው፤ ጀርባው የመታጠፊያው ውጫዊ ጎን። መሰላል አቁመን ወጣን። ቀለሙን ልጠን፣ ድምፁን እንዲያስተላልፍ ጄል ቀባንበት። መለኪያው ውፍረቱን የሚያውቀው ድምፅ ልኮ ተመልሶ እስኪመጣ በሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ድምፅ በቀለም ውስጥ ስለሚዘገይ ሳይላጥ ከተለካ ብረቱ ከእውነቱ ወፍሮ ይነበባል። መለኪያው 4.7 አለ።

በ12 ዓመት ከ7.1 ወደ 4.7 ማለት በዓመት 0.2 ነው፤ በዚህ ሂሳብ 8 ዓመት ተኩል ይቀረዋል። ፓምፑ ሲቀየር፣ ከ2 ዓመት በፊት፣ እዚያው ላይ 5.3 ተመዝግቦ ነበር። በ2 ዓመት 0.6! በዓመት 0.3 ከሄደ የቀረው ከ6 ዓመት በታች ነው። አዲሱ ፓምፕ የውሃውን ፍጥነት ጨምሮታል፤ የ12 ዓመቱ አማካይ ይህን ሸፍኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ በረጅም ጊዜውም በቅርብ ጊዜውም የመሳሳት መጠን አስልቼ አጭሩን ዕድሜ እወስዳለሁ፤ ቀጣዩንም ምርመራ ከግማሹ አላሳልፍም።

ያ 7.1 ራሱ የካታሎግ ቁጥር ነው። ፋብሪካው እስከ 12.5 በመቶ ቀጭን አድርጎ ማውጣት ስለሚፈቀድለት፣ ቧንቧው ሲገጠም 6.2 ሊሆን ይችል ነበር። ገና ሲገጠም መለካት ይህን ሁሉ ግምት ያስቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን ሚሃማ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ 10 ሚሊ ሜትር የነበረ ቧንቧ ሳስቶ ፈንድቶ 5 ሠራተኞች ሞተዋል። ቦታው ከምርመራ ዝርዝሩ ተዘልሎ ነበር። ስለዚህ የምርመራ ዝርዝር ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው በዝርዝሩ ውስጥ ያልተካተተውን ነው፦ ውሃ የሚተኛባቸውን ዝግ ጫፎች፣ ኬሚካል የሚገባባቸውን ነጥቦች፣ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚለበጥ ሽፋን) የሸፈነውን።

ኤልቦውን ከ2 ዓመት በኋላ ቀየርነው። ሲቆረጥ ውስጡ በጣት እንደተጫነ ጭቃ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። ምልክት ያደረግሁበት ነጥብ 4.1 ነበር፤ ከእሱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ግን 3.6። አሁን ኤልቦ ላይ አንድ ነጥብ አልለካም፤ መለኪያውን በጀርባው ሁሉ እያንሸራተትኩ ትንሹን እፈልጋለሁ።