«ሹገር ፍሪ» የሚለውን አምኜ የእናቴን እንጀራ ቀነስኩባት

እማዬ ስኳር አለባት። ኪኒን ትወስዳለች፤ ኢንሱሊን አልጀመረችም። ከምትታከምበት ቦታ የሰጧት ወረቀት «ስኳር የሌለባቸውን ምግቦች ይምረጡ» ይላል። እኔም መረጥኩ። ሱፐርማርኬት ገብቼ «ሹገር ፍሪ» (ስኳር የሌለው) የሚል ከውጭ የመጣ ብስኩት አነሳሁ። ሻጩ «እናትህ ያለ ሐሳብ ይብሉ» አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ሁለት ሳምንት እስካሁን ያንገበግበኛል።

እማዬ ከሰዓት ቡናዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች። ብስኩቱን እያጠቀሰች ስምንት በላች። ከሁለት ሰዓት በኋላ የደም ስኳሯን ስትለካ 271፤ በጣም ከፍ ያለ። መለኪያው ተበላሽቶ ነው ብለን በሌላ ጣት ደገምን። 268። «ምሳ ላይ እንጀራ አብዝቼ ይሆናል ልጄ» አለች አንገቷን ደፍታ። እኔም አመንኩ። እንጀራዋን በግማሽ ቀነስኩባት። ቁጥሩ ግን አልወረደም። ተደብቃ የምትበላ መስሎኝ ተቆጣኋት። እናቴን! ብስኩቱን ማን ይጠርጥረው?

በ15ኛው ቀን እሽጉን ገለበጥኩት። ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ በስልክ ፎቶ አንስቼ ማጉላት ነበረብኝ። መጀመሪያ የተጻፈው የስንዴ ዱቄት ነው። ከ100 ግራም ውስጥ ስኳር 0.4 ግራም። ካርቦሃይድሬት 70 ግራም። ከሰባው 20ው ማልቲቶል የሚባል በስኳር ፈንታ የሚገባ ማጣፈጫ ነው፤ የቀረው ባብዛኛው የዱቄቱ ስታርች። ስታርች ደግሞ ሆድ ገብቶ ግሉኮስ ይሆናል፤ መለኪያው የሚያሳየው የደም ስኳር ማለት ነው። ስምንቱ ብስኩት 80 ግራም ይመዝናል፤ 40 ግራም ያህል ስታርች አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። አስሉት።

ጽሑፉ አልዋሸም፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። የምግብ ደረጃ የሚያወጣው የኮዴክስ ዓለም አቀፍ መመሪያ በ100 ግራም ውስጥ ስኳሩ ከ0.5 ግራም ካልበለጠ «ስኳር የለውም» ማለትን ይፈቅዳል። ዱቄቱን የሚቆጥር የለም።

የፊቱን ጽሑፍ ተዉት። ጀርባው ላይ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱን ፈልጉ፤ ከዚያ በምትበሉት ልክ አስሉ። ባለሙያዎች የማልቲቶልን ግማሽ ቀንሱ ይላሉ። እኔ ለእማዬ ምንም አልቀንስም፤ ከስኳር ቢያንስም እሱም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን መጠኑን የሚያሰላው በዚህ ስለሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚባል ጭማቂም የፍሬው ስኳር እንዳለ ነው።

እንጀራዋን በልኩ መልሼላታለሁ፤ ይቅርታም ጠይቄያታለሁ። አሁን ቤት የሚገባ እሽግ ላይ ሁሉ የካርቦሃይድሬቱን ቁጥር በማርከር በትልቁ እጽፋለሁ። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም። ቁጥር ግን ታነባለች።